ጉስታቭ ስቲክሊ፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ወንበር የሠራ ሰው

አንድ ወንበር ሲሠራ፣ ዛሬ የሚቀመጥበት ሰው ብቻ ሳይሆን ነገ የሚወርሰውም ልጅ ሊታሰብ ይገባል ብሎ ያመነ አንድ ባለሙያ በአሜሪካ አገር ነበረ። ስሙም ጉስታቭ ስቲክሊ ይባላል። የዚህ ሰው ታሪክ ለወጣቶች ሁለት ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም የእጅ ሥራን ክብርና መጠንን የማወቅን ጥቅም ነው።

ስቲክሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን የመጡ ሲሆኑ፣ አባቱ የድንጋይ ሥራ ባለሙያ ስለ ነበረ ልጁም ገና በለጋ ዕድሜው ድንጋይ ሥራ ገባ። በኋላም አባትየው ቤተ ሰቡን ጥሎ በመሄዱ፣ እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ፔንሲልቬንያ ሄደች። እዚያም ጉስታቭ በአጎቱ የወንበር ፋብሪካ ሠራ። ድንጋይን ያልወደደው ልጅ እንጨትን ወደደ።

በ1883 ዓ.ም. ከወንድሞቹ ጋር ንግድ አቋቋመ። በዚያ ዘመን ብዙ ፋብሪካዎች የጥንቱን ጌጥ ከላይ እየለጠፉ፣ ግን ቶሎ የሚላቀቅ ዕቃ ያወጡ ነበር። ስቲክሊም ለብዙ ዓመት ጥንታዊውን የሚያስመስል ዕቃ ሲሸጥ ቆየ። ሆኖም የእንግሊዞቹን የጆን ረስኪንንና የዊልያም ሞሪስን ሐሳብ ከተረዳ በኋላ፣ ከጥንት ሠራተኞች መወሰድ ያለበት ጌጣቸው ሳይሆን ቅን አሠራራቸው መሆኑን ተገነዘበ።

ስለዚህ በ1900 ዓ.ም. ኦክ ከተባለው ጠንካራ እንጨት አዲስ ዓይነት ወንበር፣ ጠረጴዛና መደርደሪያ ሠርቶ አቀረበ። የአንዱ እንጨት ጫፍ ተጠርቦ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ መጋጠሚያውም ሳይደበቅ ለዓይን ይታያል። ቀለም በመቀባት ፈንታ እንጨቱን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በአሞኒያ ትነት ያጠቁረው ነበር። መኪናን አልናቀም፤ ከባዱን መሰንጠቅ ለመኪና ትቶ ማጠናቀቁን ለእጅ ሰጠ እንጂ። በ1901 ዓ.ም. «ዘ ክራፍትስማን» የተባለውን መጽሔት ጀመረ፤ አንባቢው ራሱ ሠርቶ እንዲጠቀምም የዕቃና የቤት ንድፍ ያወጣበት ነበር።

ነገር ግን ቀላል ኑሮን የሰበከው ሰው ሥራውን ከአቅሙ በላይ አሰፋ። በኒው ጀርሲ ሰፊ የእርሻ መሬት ገዝቶ የወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም አሰበ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ሳይከፈት ቀረ። በ1913 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ አሥራ ሁለት ፎቅ ያለው ሕንፃ ተከራይቶ መደብርና ምግብ ቤት ከፈተ። በዚሁ ጊዜ የገዢው ምርጫ ወደ ሌላ ዓይነት ዕቃ አዘነበለ። በ1915 ዓ.ም. ከሠረ፤ በተከታዩ ዓመት መጽሔቱ ቆመ፤ በ1917 ዓ.ም. እርሻውም ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ በሲራክዩዝ ከተማ ከልጁ ቤተ ሰብ ጋር እየኖረ የእንጨት ማቅለሚያ ይሞክር ነበር። በ1942 ዓ.ም. በ84 ዓመቱ ሲሞት ብዙ ሰው ረስቶት ነበር።

ሥራው ግን አልሞተም። በ1988 ዓ.ም. ከገዛ ቤቱ የወጣ አንድ ቡፌ በጨረታ 363,000 ዶላር ተሸጠ። የእርሻው ቤትም ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ንግዱ ልኩን በማለፉ ወደቀ፤ በልኩ የተሠራው ወንበር ግን እነሆ እስከ ዛሬ ይቀመጡበታል።