ዕድገት ለተነፈጋቸው የባቡር አስተናጋጆች የቆሙት ፊሊፕ ራንዶልፍ

በአሜሪካ የመኝታ ባቡሮች ላይ ለረጅም ዘመን የጸና አንድ ልማድ ነበር። ነጩ ሠራተኛ ትኬት ይቀበላል፣ ፉርጎውን ይቆጣጠራል፤ ጥቁሩ ሠራተኛ አልጋ ያነጥፋል፣ ሻንጣ ይሸከማል፣ ጫማ ይጠርጋል። ጥቁሩ ሠላሳ ዓመት ቢያገለግልም፣ ሥራውን ጠንቅቆ ቢያውቅም ተቆጣጣሪ አይሆንም። ያገደው የችሎታ ማነስ ሳይሆን የቆዳው ቀለም ነበር። ይህን በደል ሲታገሉ የኖሩት ሰው ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ ይባላሉ።

ራንዶልፍ እ.ኤ.አ ኤፕሪል 15 ቀን 1889 በፍሎሪዳ ግዛት ክሬሰንት ሲቲ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሰባኪም ልብስ ሰፊም ነበሩ። ራንዶልፍ በጃክሰንቪል ከተማ ትምህርታቸውን በከፍተኛ ውጤት ቢያጠናቅቁም፣ በዚያ አካባቢ ለተማረ ጥቁር ወጣት የሚሆን ደህና ሥራ አልነበረምና በጉልበት ሥራ ተሰማሩ። እ.ኤ.አ በ1911 ወደ ኒው ዮርክ ሄደው በሃርለም ሰፈር ኑሯቸውን መሠረቱ። በ1917 ከጓደኛቸው ጋር ስለ ሠራተኛው መብት የሚጽፍ መጽሔት አቋቋሙ። የውበት ሳሎን የነበራቸው ባለቤታቸው ሉሲል ግሪን ከገቢያቸው እየቀነሱ ሥራቸውን ይደግፉ ነበር።

በዘመኑ ጥቁር አሜሪካውያንን በብዛት በመቅጠር የሚታወቀው የመኝታ ፉርጎዎች ባለቤት የሆነው ፑልማን ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎችን በርካሽ ደመወዝ አስተናጋጅ አድርጎ መቅጠር የጀመረ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ ቁጥራቸው 12 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። አስተናጋጆቹ በወር እስከ 400 ሰዓት ይሠራሉ። ደመወዙ ስለማያኖራቸው ከተሳፋሪ የሚሰጣቸውን ጉርሻ ይጠባበቃሉ። የተሳፋሪውን ጫማ የሚጠርጉበትን ቀለም እንኳ የሚገዙት ከኪሳቸው ነበር። ተሳፋሪውም ወላጆቻቸው ባወጡላቸው ስም አይጠራቸውም፤ በኩባንያው መሥራች በጆርጅ ፑልማን ስም ሁሉንም ጆርጅ ይላቸው ነበር። በባርነት ዘመን ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ እንደነበረው ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ ነገር ነበር። ኩባንያው በአንዳንድ መስመሮች ወጪ ለመቀነስ ሲል ተቆጣጣሪውን ያስቀርና ሥራውን በአስተናጋጁ ላይ ይደርባል። አስተናጋጁ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል፤ የተቆጣጣሪነት ማዕረግና ደመወዝ ግን አያገኝም። ሥራውን መሥራት ከቻለ ሹመቱ ለምን እንደተከለከለ ኩባንያው የሚሰጠው መልስ አልነበረም።

አስተናጋጆቹ ማኅበር ለማቋቋም ሲያስቡ አንድ እንቅፋት ገጠማቸው፤ ከመካከላቸው የሚመራ ሰው ከተነሣ ወዲያው ይባረራል። ስለዚህ የኩባንያው ተቀጣሪ ያልሆኑትን ራንዶልፍን ለመኗቸው። ኩባንያው ያልቀጠረውን ሰው ሊያባርር አይችልም። እ.ኤ.አ ኦገስት 25 ቀን 1925 የመኝታ ፉርጎ አስተናጋጆች ወንድማማችነት ማኅበር በሃርለም ተመሠረተ።

ትግሉ ረጅምና መራራ ሆነ። ኩባንያው ሰላዮችን አሰማራ፤ አባላትን አባረረ። በ1928 የታቀደው የሥራ ማቆም አድማ ሲቀር ብዙዎች ተስፋ ቆረጡ፤ በ1933 የማኅበሩ አባላት ከ700 በታች ወረዱ። ራንዶልፍ ግን አልተበገሩም። በ1934 የባቡር ሠራተኞች ሕግ ተሻሽሎ የአስተናጋጆቹን የመደራጀት መብት አጸና፤ በ1935 አስተናጋጆቹ በድምፅ ማኅበሩን መረጡ። ማኅበሩ በተመሠረተ በ12ኛ ዓመቱ፣ ኦገስት 25 ቀን 1937 ኩባንያው ውል ፈረመ። የወሩ የሥራ ሰዓት ወደ 240 ወረደ፤ ደመወዝም ጨመረ። የተቆጣጣሪነት በር ግን በዚህ ውል አልተከፈተም።

ራንዶልፍ ችግሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ አለመሆኑን ያውቁ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ሠራተኛ በብዛት ሲቀጥሩ፣ ጥቁሮችን ወይ ይመልሷቸዋል ወይ በጥበቃና በጽዳት ብቻ ያሠሯቸዋል። በ1941 ራንዶልፍ ወደ ዋሽንግተን ታላቅ ሰልፍ እንደሚያደርጉ አሳወቁ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰልፉን እንዲተዉት ቢጠይቋቸውም አሻፈረኝ አሉ። ፕሬዚዳንቱ ጁን 25 ቀን 1941 በመከላከያ ኢንዱስትሪና በመንግሥት ሥራ የዘር አድልዎን የሚከለክል ትእዛዝ ከፈረሙ በኋላ ሰልፉ ቀረ።

ያ የቀረ ሰልፍ ከ22 ዓመት በኋላ እውን ሆነ። ኦገስት 28 ቀን 1963 ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ለሥራና ለነፃነት በዋሽንግተን ተሰለፈ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ስመ ጥር ንግግራቸውን ያደረጉበትን ይህን ሰልፍ በበላይነት የመሩት የ74 ዓመቱ አዛውንት ራንዶልፍ ነበሩ፤ ባለቤታቸውን በሞት ካጡ ገና ጥቂት ወራት ነበር። በቀጣዩ ዓመት የጸደቀው የዜጎች መብት ሕግ በቅጥር፣ በደመወዝና በደረጃ ዕድገት የዘር አድልዎ ማድረግን ከለከለ።

ፑልማን የመኝታ ፉርጎ አገልግሎቱን በ1968 መጨረሻ ሲያቆም፣ ብዙ አስተናጋጆች ሹመት ሳያዩ ጡረታ ወጥተው ነበር። በተቆጣጣሪ ቦታ በአስተናጋጅ ደመወዝ ሲሠራ የኖረ አንድ ሰው በአዲሱ ሕግ መሠረት ያቀረበው አቤቱታ በ1972 እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተቀባይነት አገኘ። ለዚያ ትውልድ ፍትሕ ዘግይቶ ደረሰ፤ ከእነርሱ በኋላ ወደ ሥራ ለገቡት ግን ሕጉ ቀድሞ ይጠብቃቸው ነበር።

ራንዶልፍ እ.ኤ.አ ሜይ 16 ቀን 1979 በ90 ዓመታቸው በኒው ዮርክ አረፉ። ዛሬ ሐውልታቸው በዋሽንግተንና በቦስተን የባቡር ጣቢያዎች፣ አስተናጋጆቹ ዘመናቸውን ሙሉ የሰው ሻንጣ በተሸከሙባቸው ሥፍራዎች ቆሞ ይታያል።