አንኮበርና ሙሴ ኢልግ

ባቡር ሲነሣ ለገሐርና ድሬዳዋ ይታወሳሉ እንጂ አንኮበርን የሚያስባት ጥቂት ነው። ሐሳቡ የተጠነሰሰው ግን በዚያች ብርዳማ ተራራ ላይ ስለ ነበር፣ ስለ መሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግ ለጓደኞቻችን ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር በፍራውንፌልድ ተወለደ። በዙሪክ ምህንድስና ተምሮ፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ባለሙያ ስለ ፈለጉ፣ ሁለት የአገሩን ሠራተኞች አስከትሎ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገባ። ዕድሜው ከ25 አይበልጥም ነበር፤ ከብዙዎቻችን እምብዛም አይርቅም። እንደሚነገረው በመጀመሪያ የታዘዘው ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ነበር። ሙያዬ አይደለም ቢልም ሠርቶ አቀረበ፤ እኛ እንደሚመስለን ንጉሡ የፈተኑት እጁን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ነው። ኋላም በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥትም ውሃ በቧንቧ አስገባ።

የባቡሩ ፈቃድ የተሰጠው ግን ዐፄ ዮሐንስ ካለፉና ምኒልክ ከነገሡ በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሼፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ፣ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። የእንፋሎት ባቡር እሳት ብቻ አይበቃውም፤ ውሃም ይጠጣል። በዚያ በረሃ ለሰውና ለግመል ያልበቃ ውሃ ለሞተር ከየት ይምጣ? ሐዲዱ ሐረር ሊገባ ታስቦ የነበረው ተራራው ወጪውን ስላበዛው በሜዳው ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ስፍራ ድሬዳዋ ሆነ።

ገንዘቡ ግን አልበቃም። ኩባንያው በዕዳ ሲያዝ የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. በውል እጁን አስገባበት፤ ምኒልክም ተቆጡ፣ መቆጣታቸውም ተገቢ ነበር። የአገር በር በባዕድ መንግሥት እጅ ሊወድቅ ነበርና። ኢልግ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪም የፈቃዱ ባለቤትም ስለ ነበረ ከዚህ ነገር ፈጽሞ ነጻ ነው ለማለት አንደፍርም። ቢሆንም ሌላ ብዙ የውጭ ሰው መጥቶ ሲሄድ እሱ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል አገልግሏል።

ምኒልክ በ1906፣ ኢልግም በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከሁለቱ አንዱም በዋና ከተማዋ ፊሽካውን አልሰማም። ዲዝል ከመጣ ወዲህ የእንፋሎቶቹ ሥራ አበቃ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ተመረቀ። አሮጌውን መስመር ያገለገሉ ሞተሮችና ሠረገሎች በድሬዳዋ ጣቢያ ግቢ ቆመው ይታያሉ። ያ ሐዲድ አንኮበርን ሳይነካ ከገደሉ በታች በአዋሽ በኩል አልፏል።