ሹመቱ ሲቀር ዘሩ የበቀለለት ሰው

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጉና ተራራ ግርጌ ወደ ጋይንት የሚያልፍ መንገደኛ፣ በክረምት ወራት ግራና ቀኙን ቢመለከት በገብሱ ማሳ አጠገብ አበባ ያወጣ ድንች በመደብ በመደቡ ተሰልፎ ያያል። የአምናው እህል ከጎተራ ተሟጦ አዲሱ ገና ባልደረሰበት በሐምሌና በነሐሴ የብዙውን ደገኛ ቤት የሚደግፈው ይኸው ድንች ነው። በጾም ወጥ ይሆናል፤ ተቀቅሎም በአዋዜ ይበላል። ከጥንት የወረስነው ስለሚመስለንም ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም ለዛሬው እሑድ፣ ድንችን ወደ አገራችን እንዳስገባ የሚነገርለትንና በደብረ ታቦርም የተቀመጠውን የዊልሄልም ሺምፐርን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን የቆጠርነው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሺምፐር በ1804 በጀርመን አገር ተወለደ። በዚያን ዘመን በኤስሊንገን ከተማ አንድ የዕፀዋት አጥኚዎች ማኅበር ነበረ። አባሎቹ እንደ ዕቁብተኛ ገንዘብ እያዋጡ ሰው ወደ ሩቅ አገር ይልካሉ፤ የተላከውም ሰው ቅጠሉንና አበባውን በወረቀት መካከል ተጭኖ ያደርቅና የተገኘበትን ስፍራና ቀን ጽፎ ይልክላቸዋል፤ እነርሱም እንደ መዋጮአቸው መጠን ይካፈሉታል። ሺምፐር በዚህ ማኅበር ተልኮ አልጄሪያን፣ ግብፅንና ዐረብ አገርን ከዞረ በኋላ በ1837 ዐድዋ ገባ። ሰብስቦ ሊመለስ የመጣው ሰው ግን እዚሁ ቀረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም መኖሪያው ኢትዮጵያ ሆነች።

በዚያን ጊዜ ትግራይንና ስሜንን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ሺምፐር ከእርሳቸው ዘንድ ባለሟልነት አገኘ፤ ኢትዮጵያዊት ሚስት አግብቶም ልጆች ወለደ። በኋላም ደጃዝማች ውቤ በዐድዋና በዓዲግራት መካከል ያለውን የእንትጮን አገር እንዲያስተዳድር ሾሙት። ቅጠል ለቃሚው ፈረንጅ ባለ አገር ሆነ ማለት ነው።

የዚህን ሹመት ጠባይ ለመረዳት በዚያው መቶ ዓመት ኤውሮፓውያን ወደ ሌላ አገር ሄደው የሰፈሩበትን ሁኔታ ማነጻጸር ይጠቅማል። በካናዳ የሣር ሜዳ፣ በ1872 በወጣው የመሬት ሕግ መሠረት፣ አንድ ሰፋሪ ዐሥር ዶላር ከፍሎ 160 ኤከር፣ በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ መሬት ይረከብ ነበር። ቤት ሠርቶ ለጥቂት ዓመታት ካረሰውም ርስቱ ይሆናል፤ የቀድሞዎቹ ባለ አገሮች ግን ወደ ጠባብ ክልል ተገፍተው ነበር። በኢትዮጵያ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ሺምፐር አገር የያዘው በሿሚው ፈቃድ ስለ ነበረ ሿሚው ሲወድቅ እርሱም አብሮ መውደቁ የማይቀር ነበር።

ጊዜውም አልዘገየም። ደጃዝማች ውቤ ዘውድ እንዲጫንባት አስበው ያሠሯት፣ በሥራዋም ሺምፐር የተካፈለባት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በየካቲት 1855 ዓ.ም. ውቤ በደረስጌ ጦርነት ድል ሆኑና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ደጃዝማች ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሺምፐርም እንትጮን አጣ፤ የሃምሳ ዓመት ሰው ሆኖ ያለ ሹመት ቀረ።

እንግዲህ ልብ ልንለው የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው በ1858 ነው፤ ይኸውም ሹመቱን ካጣ ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የድንች የትውልድ አገር በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው። ከዚያ በ16ኛው መቶ ዓመት እስፓኞች ወደ ኤውሮፓ ወሰዱት። የደጋ ተክል ስለ ሆነ የእኛን ደጋ ብርድ አይፈራም፤ በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል፤ በሬ የሌለውም ሰው በዶማ ቆፍሮ ሊተክለው ይችላል።

ሺምፐር ወደ ደብረ ታቦር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማው አጠገብ በጋፋት ኤውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መሣሪያ ያሠሩ ነበር። ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራውም በዚያ ነው። ሌሎቹ ብረት ሲያቀልጡ ሺምፐር በ1863 በጋፋት ዙሪያ ቅጠል ይሰበስብ ነበር። ለአጥር የምንተክለው ስሚዛ፣ በሌላው አገር ሰንሰል የሚባለው፣ በሳይንስ መዝገብ የሚጠራው በዚሁ ሰው ስም ነው። በ1868 ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሲሞቱ ከተለቀቁት ኤውሮፓውያን መካከል ሺምፐርም ነበረ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ኤውሮፓ መመለስ ሲችል በትግራይ ቀረ፤ በ1878 በሰባ አራት ዓመቱ በዐድዋ ዐረፈ።

ሲሞት ድንቹ ገና ብዙ አልተስፋፋም ነበር። ገበሬ የማያውቀውን ዘር ተጠራጥሮ ጥቂት በጥቂት ነው የሚቀበለው፤ ይህም በኤውሮፓ ታይቷል። ከ1888 እስከ 1892 በወረደው በክፉ ቀን ግን ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ጥማድ ጠፍቶ እርሻው ጦም አደረ። በብዙ ስፍራ ገበሬው ድንችን አጥብቆ የያዘው በዚያ ረሃብ ምክንያት እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

ነገር ግን በአንድ ዘር ብቻ መታመን አደጋ እንዳለው ማስታወስ ይገባል። በ1845 በአየርላንድ ቅጠሉን የሚያጠቁር በሽታ ድንቹን አጥፍቶት፣ በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አልቋል። ይኸው በሽታ ዛሬም በክረምት የደጋችን ገበሬ ጠላት ነው። ስለዚህም ነው የሆለታና የአዴት የምርምር ማዕከሎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዘሮችን ለማውጣት የሚደክሙት።

ሺምፐር በሕይወቱ ካገኘው ብዙው ጠፍቷል። እንትጮን የያዘው ለጊዜው ነበር፤ ጌታው ውቤ ወድቀዋል፤ ወደ በርሊን ከላካቸው የደረቁ ቅጠሎች ብዙዎቹ በ1943 በቦምብ ተቃጥለዋል። የዕፀዋትን ጥቅምና የአገር ስማቸውን የመዘገበበት ጽሑፍ ግን በለንደን በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ድንቹም በጉና ግርጌ አለ።

እኛ ከትምህርት ቤት የወጣን ወጣቶች ገና ሥራ ሳንጀምር ስለ ወንበራችን ከፍታ እንጨነቃለን። ወደ አውራጃ ስንመደብም እንደ ግዞት እንቆጥረዋለን። ሺምፐር ባለ አገር በነበረበት ጊዜ ያዘዘውን ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ከተሻረ በኋላ ግን ሕዝብ የሚበላው ነገር በስሙ ተቆጠረለት። በሚመጣው ክረምት ወደ ደብረ ታቦር የምንሄድ ሁሉ ከመኪና ወርደን ከአንዱ የድንች ማሳ ዳር እንቁም፤ ገበሬውንም ዘሩ ምን እንደሚባል፣ ምን እንደሚያስቸግረው እንጠይቀው። የሚነግረንን መዝግበን ይዘን ብንመለስ ጥሩ የሥራ መጀመሪያ ይሆንልናል።