አልበርት ሰሎሞንና የጡት ነቀርሳ የራጅ ምርመራ አጀማመር

በጡት ነቀርሳ ምርመራ ታሪክ ስማቸው በመጀመሪያ ከሚነሣው ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም አልበርት ሰሎሞን ናቸው። ዛሬ ማሞግራፊ የሚባለው ጥበብ የሚቆጠረው እሳቸው በ1913 ካሳተሙት ጥናት ጀምሮ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሎሞን በ1883 በሰሜን ጀርመን ሮቤል በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ቪልሄልም ሮንትገን የራጅን ጨረር በ1895 መጨረሻ ይፋ ሲያደርጉ የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1896 ጸደይ፣ በአድዋ ቆስለው ወደ ናፖሊ የተመለሱ የጣልያን ወታደሮች በክንዳቸው የቀረው ጥይት በዚሁ ጨረር ተፈልጎላቸዋል። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ የመጀመሪያው እንደ ነበረ ይነገራል። ራጅ የሚለው ቃልም ወደ ቋንቋችን የገባው ከጣልያንኛ መሆኑ እግረ መንገድ ቢጠቀስ አይከፋም።

ይሁን እንጂ ጥይትን ማየትና ነቀርሳን ማየት እጅግ የተለያዩ ናቸው። ብረትና አጥንት ጨረሩን አጥብቀው ስለሚያግዱ ጥላቸው ጎልቶ ይወጣል። በጡት ውስጥ ያሉት ስብ፣ እጢና ዕባጭ ግን ጨረሩን የሚያስቀሩት በተቀራራቢ መጠን በመሆኑ ምስሉ ደብዛዛ ይሆናል። በዚያ ዘመን ቀዶ ሐኪሞች በሽታው እስከ ምን ድረስ እንደ ተዛመተ አስቀድመው የሚያውቁበት መንገድ ስላልነበራቸው፣ ጡቱን ከነደረት ጡንቻውና ከነብብቱ ንፍፊት ጠርገው ያወጡ ነበር።

በበርሊን ንጉሣዊ የዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይሠሩ የነበሩት ሰሎሞን የጀመሩት ከዚህ ችግር ነው። በሕይወት ያሉ ሴቶችን ሳይሆን በቀዶ ሕክምና የወጡ 3000 ያህል ጡቶችን መረመሩ። ምስሉ የሚያሳየውን በዓይንና በማይክሮስኮፕ ከሚታየው ጋር ማስተያየት ዋና ዘዴያቸው ሆነ። አንዱ ዓይነት ነቀርሳ ዳር ድንበሩ የተለየ ክብ ዕባጭ ሆኖ ሲታይ፣ ሌላው እንደ ሥር እየተዘረጋ በዙሪያው ወዳለው ሥጋ የሚሰርግ መሆኑን፣ ወደ ብብት ንፍፊቶች የሚያደርገውንም ጉዞ ገለጹ። የጡት ነቀርሳ አንድ ወጥ በሽታ አለመሆኑን በምስል ያሳየ ሥራ ነበር። በምስሎቹ ላይ ደቃቅ ነጠብጣቦችንም ተመልክተዋል፤ እነዚህ የካልሲየም ቅንጣቶች ለምርመራ ያላቸውን ዋጋ ግን በ1949 አጉልቶ ያሳየው ኡራጓያዊው ራውል ለቦርኝ ነው።

የሰሎሞን ዘዴ ዛሬም አልተለወጠም፤ የተለወጠው መሣሪያው ነው። አሁን ኮምፒዩተር የዕባጩን ቅርጽ፣ የጠርዙን ሸካራነትና የጥላውን አለመመጣጠን በቁጥር ይለካል። ከዚያም ዕባጩ የሆርሞን ተቀባይ ያለው ነው ወይስ የሌለው፣ ኸር 2 የተባለው ፕሮቲን በዝቶበታል ወይስ አልበዛበትም የሚለውን ለመገመት ይሞክራል። መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚህ ልዩነት ነው። ሆኖም ኮምፒዩተሩ የሚማረው ምስሉ ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ተጣምሮ ሲቀርብለት ብቻ ስለሆነ፣ የበርሊኑ ማይክሮስኮፕ ከሥራው አልወጣም።

በኢትዮጵያ የሴቶች ነቀርሳ ቀዳሚው የጡት ነቀርሳ ሲሆን ብዙዎቹ ታማሚዎች በዕድሜ ወጣት ናቸው፤ ወደ ሐኪም የሚደርሱትም ዘግይተው ነው። የወጣት ጡት እጢው የበዛ በመሆኑ በራጅ ሲታይ ዕባጩን ይሸፍናል፤ ስለዚህ አልትራሳውንድ አብሮ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ሴቶችን ምስል ብቻ ያጠና ኮምፒዩተርም እዚህ ሊሳሳት ይችላል። ከወግዲ ተነሥታ በመካነ ሰላም አድርጋ ደሴ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ለምትደርስ እናት፣ ምስሉ ማን ቶሎ ናሙና ይወሰድላት የሚለውን ቢያመለክት ትልቅ ነገር ነው፤ ናሙናውን ራሱን ግን አይተካውም።

ሰሎሞን ጥናታቸውን በሰፊው ሊገፉበት አልቻሉም። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና በጦር ሐኪምነት ዘመቱ። ሻርሎተ የተባለችው ልጃቸው በ1917 ተወለደች፤ እናቷ በ1926 ሞተች፤ አባትየውም በ1930 ዘፋኟን ፓውላ ሊንድበርግን አገቡ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊ በመሆናቸው ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ፤ በበርሊን የአይሁድ ሆስፒታልም መሥራት ቀጠሉ። በኅዳር 1938 ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ታሰሩ። በባለቤታቸው ብርቱ ጥረት ከተፈቱ በኋላ በ1939 ወደ አምስተርዳም ተሰደዱ። በ1943 ቬስተርቦርክ ወደተባለው የማጎሪያ ሰፈር ቢወሰዱም ከባለቤታቸው ጋር አምልጠው ጦርነቱ እስኪያበቃ ተደብቀው ቆዩ።

ለደኅንነቷ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ የላኳት ሻርሎተ ግን በ1943 ተይዛ አውሽቪትስ ተገደለች። በስደት ሳለች የቤተሰቡን ታሪክ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሥዕሎች አስፍራ ነበር። ወላጆቿ ሥዕሎቹን ከጦርነቱ በኋላ አግኝተው በ1971 ለአምስተርዳም የአይሁድ ታሪክ ሙዚየም አስረከቡ። ሰሎሞን በ1976 በዚያው ከተማ አረፉ። በልጃቸው ሥዕሎች ውስጥ ዶክተር ካን በሚል ስም ይታያሉ።