ሼህ ሐሰን አል ጀበርቲ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን ካለፋችሁ በኋላ ደጋው ያበቃና ሸዋ ሮቢትን የያዘው የይፋት ቆላ ይቀበላችኋል። የመካከለኛው ዘመን የዓረብ ጸሐፊዎች ይህን አገር ጀበርት በሚል ስም ጭምር ያውቁት ነበር። በካይሮ በአል አዝሐር መስጊድ ከዚህ አካባቢ ለሚሄዱ ተማሪዎች የተለየው ማደሪያም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። አሁን ታሪካቸውን የምታነቡላቸው ሼህ ሐሰን የተገኙት ከጀበርት ሄደው የዚያ ማደሪያ አለቆች ከሆኑ ሰዎች ዘር ነው።

ሼህ ሐሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1698 ካይሮ ውስጥ ተወለዱ። በአል አዝሐር ሃይማኖትንና ሕግን ተምረው ለማስተማር በቁ። በዚያ ዘመን ኢጃዛ የሚባለውን የማስተማር ፈቃድ የሚሰጠው መምህሩ ራሱ ነበር፤ በአገራችን የቅኔ ተማሪ በመምህሩ ተመርቆ እንደሚወጣ ማለት ነው። ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪና የከዋክብት ጥናት ግን በአል አዝሐር ተዘንግተው ነበር። ሼህ ሐሰን እነዚህን የቀሰሙት ወደ ካይሮ ከመጡ እንግዳ ሊቃውንት፣ ከነዚህም ከአንድ ህንዳዊ፣ እንዲሁም በገንዘባቸው ካሰባሰቧቸው መጻሕፍትና መሣሪያዎች ነው።

በ1740ዎቹ መጨረሻ ሒሳብ ወዳዱ አህመድ ፓሻ የቱርክ መንግሥት ገዥ ሆኖ ካይሮ ገባ። የአል አዝሐርን ሊቃውንት ስለዚሁ ዕውቀት ቢጠይቃቸው መልስ አጡ። አለቃቸው ሼህ አብደላህ አል ሸብራዊ፣ ጥናቱ መሣሪያ እንደሚጠይቅና አብዛኞቹ ተማሪዎች ድሆች መሆናቸውን አስረድተው ወደ ሼህ ሐሰን መሩት። ቅንነታቸው ያስደንቃል፤ በቤታቸው ያልተገኘውን ዕውቀት ከንቱ ነው ብለው ማናናቅ ይቀላቸው ነበርና። ፓሻው ተማሪ ሆነ፤ የፀሐይ ሰዓት መሥራትም ለመደ፤ ከሠራቸውም አንዱ በአል አዝሐር ተተከለ። አል ሸብራዊም ሼህ ሐሰንን ባገኙ ቁጥር፣ በገዥው ፊት ከኀፍረት ስላዳኗቸው ያመሰግኗቸው ነበር።

ይህን የምናውቀው የናፖሊዮንን የ1798 የግብፅ ወረራ የጻፈው ዝነኛው የታሪክ ሰው ልጃቸው አብዱራህማን ስለ መዘገበው ነው። ልጅ ስለ አባቱ ሲጽፍ ጥቂት ማጋነኑ አይቀርም ትሉ ይሆናል። የሚከተለው ግን በገበያ ሕዝብ ፊት የተፈጸመ ነው። በ1750ዎቹ መጨረሻ የካይሮ ሚዛንና መመዘኛ ተዛብቶ ሻጭና ገዥ መተማመን አቃታቸው። ሼህ ሐሰን ስለ ሚዛን አሠራር መጽሐፍ ጻፉ፤ አንጥረኞችንና መዛኞችን ጠርተውም በስሌታቸው መሠረት አዲስ መመዘኛ አሠሩ። አሮጌዎቹም እየተሰበሰቡ በአዲሶቹ ልክ ታረሙ።

ሼህ ሐሰን በ1774 ካይሮ ውስጥ አረፉ።