ደጃዝማች ተድላ ባይሩና ያልተገለጠው ገንዘብ

ደጃዝማች ተድላ ባይሩ በ1906 ዓ.ም. በሐማሴን፣ ገረሚ በተባለች መንደር ተወለዱ። በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በፍሎረንስ ተምረው በኢጣልያ ዘመን መምህር ሆኑ። እንግሊዞች በ1933 ዓ.ም. ኤርትራን ሲይዙ በአዲሱ አስተዳደር ተቀጠሩ። ስማቸው የገነነው ግን ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትዋሐድ የሚታገለው የአንድነት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ከሆኑ በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ1938 ዓ.ም. በኮሎኔል ነጋ ኃይለ ሥላሴ የሚመራ የአገናኝ መኮንን ጽሕፈት ቤት አስመራ ላይ ከፈተ። ጽሕፈት ቤቱ በይፋ የሁለቱ መንግሥታት መገናኛ ሲሆን፣ በስውር ግን ለአንድነት ፓርቲና ለወጣቶች ክንፉ ገንዘብና ምክር ያቀብል ነበር። የአንድነትን ስሜት ገንዘብ ፈጠረው ማለት ስሕተት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትስስርና የፋሺስት የዘር ሕግ የተወው ቁስል በደጋው ሕዝብ ዘንድ ከማንኛውም ድጎማ የበለጠ ኃይል ነበራቸው። ገንዘቡ የወሰነው ሌላ ነገር ነው፤ በንቅናቄው ውስጥ የትኛው ድምፅ ጸንቶ እንደሚቆይ። በኅዳር 1939 ዓ.ም. በቤተ ጊዮርጊስ በተጠራው ጉባኤ በቅድመ ሁኔታ ስለሚፈጸም አንድነት ለመስማማት የተሞከረው ሙከራ ሲከሽፍ፣ ተድላ በወልደአብ ወልደማርያም የዘር ሐረግ ላይ የሰነዘሩት ንግግር ዋነኛ ምክንያት ሆኗል። ከዚያ በኋላ መካከለኛው መንገድ ደጋፊ ባያጣም ከፋይ አላገኘም።

ተቃራኒው ወገንም ከዚህ ነውር የጠራ አልነበረም። ኢጣልያ በ1941 ዓ.ም. ፊቷን ወደ ነፃነት ጥያቄ ስታዞር፣ የነፃነት ቡድኑ በጣሊያን ገንዘብ ይንቀሳቀሳል የሚለው ክስ ከውስጥ ሰነጠቀው፤ ብዙዎችም ጥለውት ወጡ።

የመጋቢት 1944 ዓ.ም. ምርጫ በዚህ ጥላ ሥር ተካሄደ። በቀጥታ ድምፅ የሰጡት አስመራና ምጽዋ ብቻ ነበሩ። በቀረው አገር ሕዝቡ ወኪሎችን፣ ወኪሎቹም እንደራሴዎችን መረጡ። በእኔ እይታ፣ እንዲህ ያለው አሠራር በድብቅ ለሚመጣ ገንዘብ እጅግ የተመቸ ነው፤ ማግባባት የሚያስፈልገው አገሩን ሳይሆን ጥቂት ሽማግሌዎችን ነውና። ያም ሆኖ አንድነቶች ከ68 መቀመጫዎች 32ቱን ብቻ አገኙ። ተድላ ሚያዝያ 20 ቀን በተከፈተው ጉባኤ ፕሬዚዳንትነትን፣ ነሐሴ ላይም የኤርትራን ዋና አስተዳዳሪነት የያዙት ከምዕራባዊው አውራጃ ሙስሊም ሊግ ጋር በመተባበር ነበር።

ፌዴሬሽኑ መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. ከጸና በኋላ የገንዘቡ ጉዳይ መልኩን ለውጦ ተመለሰ። በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ መሠረት፣ መነሻቸው ወይም መድረሻቸው ኤርትራ ከሆነ ዕቃዎች የሚሰበሰበው ቀረጥ ለኤርትራ የሚሰጥ ነበር። ሰብሳቢው ግን የፌዴራሉ መንግሥት ነው። የሚልከውም የተቆረጠ ድምር እንጂ ሒሳቡን የሚያሳይ መዝገብ አልነበረም። ትናንት የፓርቲያቸውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ለመራጩ ያልገለጡት ሰው፣ ዛሬ የሚያስተዳድሩት አገር ገቢ ስንት እንደሆነ ማወቅ ተሳናቸው። አቤቱታው በተደጋጋሚ ቀረበ፤ ፍሬ ግን አላፈራም።

ተድላ ተቃዋሚዎቻቸውን በጠንካራ ክንድ መያዛቸውና ጋዜጣ መዝጋታቸው በጉባኤው ውስጥ ወዳጅ አሳጣቸው። ከንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ከቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ ጋር ሲጋጩ የሚደገፉበት አልነበራቸውም። በሐምሌ 1947 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የተተኩት በአስፍሃ ወልደ ሚካኤል ሲሆን፣ እርሳቸው የእንደራሴው ምክትልነታቸውን እንደያዙ ነበር ዋና አስተዳዳሪ የሆኑት። በዚህም የከፋዩና የተከፋዩ ቢሮ በአንድ ሰው ተጠቃለለ።

ተድላ በአምባሳደርነት ወደ ስዊድን ተላኩ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ፣ መፍረሱ የተነገረው በአንድ ወቅት እርሳቸው በመሩት ጉባኤ ነበር። በ1950ዎቹ መገባደጃ ከመንግሥቱ ተለይተው ከኤርትራ ነፃነት ግንባር ጋር ተቀላቀሉ፤ ሕይወታቸውም ያለፈው በስደት ነው።