ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን

አምባሰል ለእኛ ከሐይቅ ሆነን ቀና ስንል የምናየው ተራራ ነው። ስሙም ለቅኝት ተሰጥቷል፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ አንዱ ነው። በማሲንቆ ሲመታ አንጀት እንደሚበላ ለወሎ ሰው አይነገረውም።

እኔ ግን በማስተማር ልምምድ ላይ አምባሰልን በአኮርዲዮን ለልጆች ልጫወት ብዬ ጉድ ሆንኩ። በቀኝ እጄ ዜማው ደህና ሄደ። የግራውን የአኮርድ ቁልፍ ስጫን ተበላሸ፤ ልጆቹም ሳቁብኝ። ምክንያቱን የተረዳሁት ኋላ ነው። አምባሰል ያለው አምስት ድምፅ ብቻ ነው። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ግማሽ እርምጃ ነው፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ግን ትልቅ ዝላይ አለ። የፈረንጅ አኮርድ በመነሻው ድምፅ ላይ ሲቆም የሚፈልገው መካከለኛ ድምፅ እዚያው ዝላይ ውስጥ የቀረው ነው። ከውጭ ካመጣችሁት ቅኝቱ ይጠፋል፤ ከተዋችሁት አኮርዱ ባዶ ይቀራል። ታዲያ ብዙ ነፊ ያለበት ባንድ የእኛን ዜማ እንዴት ይጫወተው? ሁሉም አንድ ዓይነት ይንፋ?

በዚህ ጥያቄ ዕድሜአቸውን የጨረሱ ሰው ነበሩ፤ ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን። ወሎዬ አይደሉም፤ ትውልዳቸውም ኢትዮጵያ አይደለም። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ነርሲስ በ1915 በቱርክ ግዛት፣ አይንታብ በምትባል ከተማ ከአርመን ቤተሰብ ተወለዱ። ዓመቱን ልብ በሉ። አርመኖች ከቤታቸው እየተነቀሉ ያለቁበት ዓመት ነው። ቤተሰቡ ወደ ሶርያ ተሰድዶ አሌፖ ገባ፤ ሕፃኑም እዚያ አደገ፤ ሙዚቃም እዚያ ተማረ።

ወደ እኛ አገር የመራቸው አጎታቸው ናቸው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ በአርመኖች ገዳም የሚኖሩ ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እነዚህ ናቸው ‹አርባ ልጆች› የሚባሉት። መሪያቸውም የነርሲስ አጎት ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። አገር ያጣ ስደተኛ ለሌላ አገር ሰዎች መዝሙር ሲደርስ አስቡት እስቲ!

ነርሲስ አጎታቸውን ተከትለው የመጡት በ1938፣ ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ጊዜ ነው። ከነፃነት በኋላ ግን ሥራው በሥራ ላይ ተደራረበባቸው። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ኦርኬስትራ መሩ፤ ከፖሊስና ከክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ጋር ሠሩ፤ በትምህርት ቤቶችም አስተማሩ። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተ። ከኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር በኋላ የዚያን ኦርኬስትራ የመሩት ሙሴ ነርሲስ ናቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲጀመርም ከደከሙት አንዱ ነበሩ።

እንግዲህ የቅንብር ሥራ ማለት እንዲህ ነው። ዘፋኙ ዜማውን ይዞ ይመጣል። አቀናባሪው ለሳክስፎኑ አንድ ወረቀት፣ ለትራምፔቱ ሌላ፣ ለትሮምቦኑ ሌላ ይጽፋል። አንዱ ዜማውን ሲይዝ ሌላው ከሥር ይደግፋል፣ ሌላው ይመልሳል። በአሜሪካ የጃዝ ትልልቅ ባንዶች አሠራሩ የታወቀ ነበር። ግን ያንን ቀድቶ የእኛ ዜማ ላይ መለጠፍ የኔን አኮርዲዮን ያመጣል። ነርሲስ የታገሉት ነፊዎቹ የተለያየ ድምፅ እየነፉም ሰሚው ቅኝቱን እንዳያጣው ነው። በእኔ አስተያየት የስድሳዎቹ ባንዶቻችን ያማሩት አንድም በዚህ ልፋት ነው፤ ሰው ግን ዘፋኙን እንጂ ወረቀቱን የጻፈውን አይጠይቅም።

ሌላም አለ። ይህ ሁሉ ሲሠራ ሰውየው ለረጅም ጊዜ የማንም አገር ዜጋ አልነበሩም። የኢትዮጵያን ዜግነት ያገኙት በ1959 ነው፤ ከመጡ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ። ስንቱን ባንድ አሰልጥነው፣ ስንቱን ልጅ ኖታ አስቆጥረው!

ለውጡ በ1974 ሲመጣ የአጎታቸው መዝሙርም ከዘመኑ ጋር አለፈ። ሙሴ ነርሲስ በ1977 አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ። የቅንብር ወረቀቶቻቸው ግን አልጠፉም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የቦስተኑ ኢይዘር ኦርኬስትራ የሚባል የጃዝ ባንድ አንሥቶ ተጫወታቸው።

እኔ እስካሁን አምባሰልን የምጫወተው ግራ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቼ ነው።